ዝንቦቹ የከረሙበት ቤት

"ሁለቱን ሳምንት ዝንቦቹ የት ነበሩ?"

የጠየቀኝ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ነው። የማስተርስ ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ነበር። ሁለቱን ሳምንት ያለው ግቢው ለእረፍት የተዘጋበትን ጊዜ ነው። ወጣት ሰውዬ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ገጽ ሃያ ሦስትን በእስክሪብቶው እየነካካ፣ ሰው "ይሄ ዳቦ ከየት ነው የተገዛው?" እንደሚለው አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

"እዚሁ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ" አልኩት።

"እሺ" አለና ገጹን ገለጠው።

በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ሴኮንድ አልፈጀም። ከኋላ የተቀመጡት የክፍሌ ልጆች ስልካቸውን እያዩ ነበር፣ አማካሪዬ ውሃ እየጠጡ ነበር። ማንም ምንም አላስተዋለም።

እኔ ፊት ለፊት በመናገር የምታወቅ ሰው ነኝ። እናቴ "የዚች ልጅ አፍ በር የለውም" ትላለች። የአክስቴን ልጅ በሠርጓ ሳምንት ቬሎው እንደማያምርባት ነግሬያታለሁ። አላማረባትምም ነበር። ስለዚህ ያቺን አንዲት ውሸት በደንብ አውቃታለሁ። ብዙ ስለሌሉኝ ከሌላ ጋር አትምታታብኝም።

ሥራዬ የዝንብ ፀጉር መቁጠር ነበር። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ዝንብ ስል ማንጎ ሲበስል ከየት መጣች ሳይባል የምትመጣዋን ትንሿን ነው። ጀርባዋ መጨረሻ ላይ፣ ሦስት ማዕዘን የምትመስል ቦታ ላይ፣ አራት ረዣዥም ፀጉሮች አሏት። ሦስትም አይደሉም፣ አምስትም አይደሉም፣ አራት ናቸው። በእያንዳንዱ ፀጉር ሥር አንድ የነርቭ ሴል አለ፤ ዝንቧ አንድ ነገር ሲነካት የምታውቀው በሱ ነው። እንግዲህ ፀጉር መቁጠር ማለት ነርቭ መቁጠር ነው። ውድ መሣሪያ አይፈልግም፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ይበቃል። ትዕግሥት የለኝም፣ በማይክሮስኮፑ ብቻ ነው የጨረስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝንቧ እጭነቷን ጨርሳ ሙሽሬ፣ ማለትም ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ተሸፍና የምትቆይበት ደረጃ፣ ልትሆን ስትል፣ ጀርባዋ የሚሠራበት ቦታ ላይ ያሉ ጎረቤታም ሴሎች ሁሉም ነርቭ መሆን ይችላሉ። አንዱ ይቀድምና ለሌሎቹ "እኔ ይዤዋለሁ፣ እናንተ ቆዳ ሁኑ" ይላቸዋል። የሚነግራቸው ገላው ላይ በሚያወጣት አንዲት ፕሮቲን ነው። ግን ፕሮቲኗ መውጣቷ ብቻ አይበቃም። አንድ ኢንዛይም ይመጣና ሌላ በጣም ትንሽ ፕሮቲን እንደ ማኅተም ይለጥፍባታል። ማኅተም ያረፈባትን ሴሉ ወደ ውስጥ መልሶ ይስባታል፣ ስትሳብ የጎረቤቱን መቀበያ ይዛ ትጎትታለች፣ ጎረቤቱ መልእክቱን የሚሰማው ያኔ ነው። ኢንዛይሙ ደካማ ከሆነ ማኅተሙ አያርፍም። ፕሮቲኗ እዛው ላይ ተገትራ ትቀራለች፣ ያልሰሙት ጎረቤቶችም እየተነሱ ነርቭ ይሆናሉ። ዝንቧ በአራት ፈንታ ስድስት ወይም ሰባት ፀጉር ይዛ ትወጣለች።

የኔ ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነበር። ያ ኢንዛይም ሲደክም፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ ኢንዛይም በብዛት ቢኖር ቦታውን ይሸፍንለታል ወይ? ደካማው ኢንዛይም ያለባቸውን እናቶች፣ ራሳቸውም ደካማው ካለባቸው ግን ሁለተኛውን ኢንዛይም በብዛት ከሚሠሩ አባቶች ጋር አንድ ብልቃጥ ውስጥ ማስገባት ነው። ልጆቹ አራት ፀጉር ይዘው ከወጡ ሸፍኖለታል፣ ስድስት ከሆነ አልሸፈነም። ከዚህ በላይ ምንም የለውም።

አንድ ነገር ብቻ መጠበቅ አለበት። ሌላ ወንድ እንዳይገባ። ከውጭ የመጣ ጤነኛ ዝንብ አባት ከሆነ ልጆቹ ጤነኛውን ኢንዛይም ከሱ ይወርሱና አራት ፀጉር ይዘው ይወጣሉ። ፀጉር ብቻ ለሚቆጥር ሰው ደግሞ አራት ያው አራት ነው። ብልቃጡ በጥጥ የሚወተፈው ለዚህ ነው።

እረፍቱ የመጣው ዝንቦቹን ባገናኘሁ በሁለተኛው ቀን ነው። አማካሪዬ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲቆጡም ሲደሰቱም መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። "ዝንብ ከላቦራቶሪ አይወጣም፣ ሙቀት መጠበቂያው ውስጥ ተያቸው፣ እኔ እየመጣሁ አያቸዋለሁ" አሉኝ። ሙቀት መጠበቂያው መብራት ሲኖር ነው ሙቀት መጠበቂያ የሚሆነው፣ መብራት ከሄደ ቁም ሣጥን ነው። ግቢው ደግሞ ብርድ ነው። ይሄን ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ለመከራከር ጊዜ የለኝም ብዬ አሥራ ሁለቱን ብልቃጥ የእንቁላል መያዣ ላይ ደረደርኩና፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሐረር ሚኒባስ ያዝኩ።

ቤታችን ከፈላና በር ወጣ ብሎ ነው። እናቴ በር ላይ ጎመን እየቀነጠሰች አገኘኋት።

"ምን ይዘሽ መጣሽ?"

"ዝንብ።"

"ምን?"

"ዝንብ ነው እማ። ለጥናቴ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "እኛ ቤት ዝንብ ጠፍቶ ነው ከዩኒቨርሲቲ የምታመጪው?"

"እነዚህ ሌላ ናቸው።"

"ስድስት ዓመት አስተምሬ የዝንብ እረኛ አደረጉልኝ! ቤቴ አይገቡም። ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል?"

የጎረቤቱ ነገር አላስጨነቀኝም፣ ጣሪያው ነው ያስጨነቀኝ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ይበርዳል፣ ዝንቦቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ሙቀት ነው የሚፈልጉት። ሐረር ውስጥ ቀንና ማታ አንድ ዓይነት ሙቀት ያለው ቤት የት እንዳለ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

አዴ የምላቸው የእናቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። ኤረር በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ የሐረሪዎች የድሮ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ግድግዳው የድንጋይ ነው፣ ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ትንሽ እያለሁ እናቴ ገበያ ስትውል የቤት ሥራዬን የምሠራው ቀዩ መደባቸው ላይ ነበር። በጋ ከክረምት እዛ ቤት ውስጥ ሞቀኝም በረደኝም ብዬ አላውቅም። ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩና ግድግዳው ውስጥ ከተቦረቦሩት መደርደሪያዎች አንዷ ላይ አሳደርኩት። በማግስቱ ሳየው ንቅንቅ አላለም። ከዩኒቨርሲቲው ማሽን ይሻላል።

"ምን ይበላሉ?" አሉኝ አዴ፣ አንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስተው።

"ምግባቸው ውስጡ አለ። የበቆሎ ዱቄት ነው፣ ስኳርና እርሾ ያለው።"

"ገንፎ ነዋ!"

"እንደሱ ይበሉት።"

"አየርስ?"

"ጥጡ ያስገባል።"

"ጥጥ አየር ያስገባል?"

"ያስገባል አዴ። ብቻ እንዳይከፍቱት፤ ምንም ቢሆን እንዳይከፍቱት።"

"እኔ ምን አግብቶኝ እከፍታለሁ? አማና፣ አደራ አይደል እንዴ የሰጠሽኝ? አማና አይነካም።" ብልቃጡን ቦታው መለሱት። "ለምንድነው ግን ፀጉራቸውን የምትቆጥሪው?"

ነገርኳቸው። ሴሎቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ማኅተሙ፣ ኢንዛይሙ፣ ሁሉንም። በአነስተኛ ትዕግሥት ነው የነገርኳቸው፣ እሳቸው ግን ከክፍሌ ልጆች በተሻለ ገባቸው።

"የሰውም ነርቭ እንደዚሁ ነው የሚሠራው?"

"ንግግሩ ይመሳሰላል።"

"እንግዲያውስ ሱብሃነላህ፣ የኔንም ጉልበት ቁጠሪልኝ። አንድ ሺህ ነርቭ ነው ያለው፣ ሁሉም ያመኛል።"

ከሦስት ቀን በኋላ ረመዳን ገባ። በዛው ቀን ሄጄ አየኋቸው፣ ሁሉም ደህና ነበሩ። ከዛ በኋላ እስከ መጨረሻው አልሄድኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት አዴ ጾመኛ ናቸው፣ አላድክማቸው የሚል ነው። እውነቱ ደግሞ የጥናቱን መግቢያ እየጻፍኩ ስለነበር ከወንበሬ መነሳት አስጠልቶኝ ነው። ያን ጊዜ ማንጎ የኤረር በርን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። ለአፍጥር ጁስ የማይሠራበት ቤት አልነበረም፣ አዴም ዘመድ አንድ ኬሻ አምጥቶላቸዋል። ይሄን አላወቅኩም። ማወቅ ነበረብኝ።

ልወስዳቸው የሄድኩት ከአፍጥር በፊት፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አዴ በር ላይ ተቀምጠው ማንጎ እየላጡ ነው፣ ልጣጩ ዘንቢል ሞልቷል። ወደ መደርደሪያዋ ሄጄ ብልቃጦቹን ሳይ መጀመሪያ ያየሁት ጥጡን ነው። የኔ ውታፎች በፋሻ ተጠቅልለው ጥብቅ ያሉ ነበሩ። እነዚህ ለስላሳ፣ ነጭ፣ እንደ ደመና የተነፋፉ ነበሩ። አራተኛው ብልቃጥ ውስጥ ገንፎው ላይ ጥፍር የምታክል የደረቀች ማንጎ ተለጥፋለች።

"አዴ፣ ከፍተዋቸዋል?"

"ምን ላድርግ ልጄ? አንዱን ተንጋሎ አየሁት። ታፍኖ ነው ብዬ ጥጡን ቀየርኩላቸው፣ ከፋርማሲ ነው ያስገዛሁት፣ ንጹህ ነው።"

"ማንጎውስ?"

"እኔ ልጹም፣ እነሱ ምን በደሉ?" አሉኝ፣ በእውነት ገርሟቸው። "ለአፍጥር ስቆርጥ ለእያንዳንዱ ቤት ቅንጣት ቅንጣት ጣል አደርግላቸዋለሁ። ሁልጊዜ ገንፎ፣ ሁልጊዜ ገንፎ! ነፍስ ያለውን ማብላት አላህ ዘንድ አጅር አለው።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ! ወላሂ አንድ ቀን አላሳለፍኩም።"

"ሲከፍቱት... ሌላ ዝንብ አልገባም?"

"እንግዳ ቢገባስ? እሱም የአላህ ዝንብ ነው፣ ገንፎው ለሁሉም ይበቃል። ደግሞ አንድም አልጠፋብሽም፣ እንዲያውም በዝተውልሻል። በረካ ገብቶበታል።"

በዝተዋል፣ እውነት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን የምለውን አላጣም ነበር። እሳቸው ግን ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ ሴትዮ ናቸው፤ ከአፋቸው የቀረበውን ማንጎ ለኔ ዝንብ ነው የቆረሱት። አመሰገንኳቸው። አዛን እስኪል ቁጭ ብዬ ተምር አብሬያቸው በላሁ። ስወጣ መርፌ ተውሼ ያቺን የደረቀች ማንጎ ከብልቃጡ አውጥቼ ጣልኳት። መርፌውን ስመልስላቸው ልብሴ ተቀዶ መስሏቸው "ቆይ ልስፋልሽ" አሉኝ።

ግቢ ተመልሼ ቁጥሩን ጀመርኩ። ዝንቦቹን በረዶ ላይ ማደንዘዝ፣ በብሩሽ ማገላበጥ፣ ጀርባ ማየት። አራት። አራት። ስድስት። አራት። አራት። አብዛኞቹ አራት ነበሩ። ሁለተኛው ኢንዛይም የመጀመሪያውን ሸፍኖለታል ማለት ነው። ወይም የኤረር በር ዝንብ አባት ሆኗል ማለት ነው።

መለያ መንገድ ነበረ። የላቦራቶሪው ዝርያ ዓይኑ ብርቱካናማ ነው፣ የውጭዎቹ ደማቅ ቀይ። እዛ ማይክሮስኮፕ ሥር ያየሁት ዓይን ቀይ ነበር። አየሁት። ግን የምሞላው ቅጽ ላይ የብልቃጥ ቁጥርና የፀጉር ብዛት እንጂ የዓይን ቀለም የሚል ቦታ አልነበረም። ስለዚህ አልጻፍኩትም። ይሄን ያህል ቀላል ነው። ከጨረስኩ በኋላ አብዛኞቹን አልኮል ውስጥ ከተትኳቸው፣ የተረፉትን ደግሞ ለዘር አስቀመጥኳቸው። አማካሪዬ ወረቀቱን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሸፈነለት!" አሉ። "ሸፈነለት እኮ አንቺ ልጅ!"

በሕይወቴ እንደዛ ያለ ደስታ ያመጣሁለት ሰው አላውቅም። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዛ ያ ጥያቄ መጣ፣ ከዛ ያ መልስ፣ ከዛ "እጅግ በጣም ጥሩ" የሚል ውጤት። ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ። እናቴ ፎቶውን ሳሎን ሰቅላዋለች፣ ስለ ዝንብ እረኛው አንስታ አታውቅም። አዴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ "የዚች ልጅ ትምህርት የተጠናቀቀው እኔ ቤት ነው" ይላሉ። ለብዙ ጊዜ ዝም ያልኩት ለእሳቸው ብዬ ነው ስል ነበር። ብናገር እሳቸው ይወቀሳሉ፣ ያዝናሉ ምናምን። ይሄም ውሸት ነው። አዴን የሚጠይቅ ማንም የለም። ዝም ያልኩት ውጤቴን ስለወደድኩት ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ ቤት ነኝ። ሥራ የጠየቅኩባቸው ቦታዎች "እንደውልልሻለን" ብለዋል፣ አይደውሉም። ሰው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር "ሥራ ያዝሽ?" ይለኛል፣ "አልያዝኩም፣ ቢይዙኝ ትሰማለህ" እላለሁ። እንደዚህ ስኖር ነው ልጅቷ የደወለችልኝ።

ልጅቷ ከኔ አንድ ዓመት ወደኋላ ናት። ከሐረር ወጣ ካለው ከሶፊ ገጠር የመጣች ናት፣ አባቷ ጫትና ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ከቤታቸው እዚህ የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። አማካሪዬ የኔን ሥራ እንድትቀጥልበት ሰጥተዋታል። ስልክ ላይ "አንድ ነገር ላሳይሽ ነው" አለችኝና በእሑድ ቤታችን መጣች። በሩን የከፈተችላት እናቴ ናት። ልጅቷ ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ ስታወጣ እናቴ ወደኔ ዞረች።

"ደግሞ ሌላ ዝንብ!"

"አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው እማማ" አለች ልጅቷ አፍራ። "ማንም ሳያየኝ ነው ያወጣሁት።"

ዝንብ ከላቦራቶሪ አይወጣም። እሷም ተምራዋለች፣ እሷም አውጥታዋለች።

ማስታወሻ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው፣ ከኔ ይሻላል። እኔ የጻፍኩትን ቃል በቃል ተከትላለች፤ ያንኑ እናት፣ ያንኑ አባት፣ ያንኑ ሙቀት። ለሦስት ወር ደጋግማ ሠርታዋለች። ስድስት። ሰባት። ስድስት። ስድስት። አራት የሚል ከስንት አንዴ ነው።

"እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እጄ ነው አይደል?"

"ማን አለሽ?"

"መምህር። 'የሷ እጅ ይሠራ ነበር፣ ያንቺ ምን ነካው?' አሉኝ። እስከ ነገ ካልሆነ ርዕስ ቀይሪ ብለውኛል። ርዕስ ከቀየርኩ ደግሞ ዘንድሮ አልመረቅም። አባቴ ለሰው ሁሉ ተናግሯል፣ ያ ረቢ፣ ሰንጋውን ለምርቃቴ ብሎ ከጎረቤት በሬ ለይቶ ነው የሚያበላው።" ብልቃጡን ወደኔ ገፋችው። "ይሄ ያንቺ ነው፣ ለዘር ያስቀመጥሽው። ይሄ ሁልጊዜ አራት ነው የሚሰጠው። ከኔ ጋር አወዳድሪልኝ፣ ምን እንደማጠፋ አሳዪኝ።"

ምንም አላጠፋሽም ማለት እዛው እችል ነበር። በእጅ የሚያዝ አጉሊ መነጽሬንና አንድ ባዶ ብልቃጥ ከመሳቢያ አወጣሁና "ተነሺ፣ የምናየው ነገር አለ" አልኳት። ፈላና በር ጋ በባጃጅ ተሳፍረን ኤረር በር ወረድን። መንገድ ላይ "የት ነው የምንሄደው?" አለችኝ ሁለት ጊዜ። "ቅርብ ነው" አልኳት ሁለት ጊዜ።

አዴ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ነበሩ፣ አጠገባቸው ልጣጭ የሞላ ዘንቢል አለ። ባዶውን ብልቃጥ ዘንቢሉ ላይ ደፋ አድርጌ ትንሽ ጠበቅኩ። ስድስት ሰባት ዝንብ ገባልኝ። በጥጥ ወተፍኩት። ሁለቱን ብልቃጥ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ያዝኩና መነጽሩን ለልጅቷ ሰጠኋት።

"ዓይናቸውን እዪ።"

አየች። ብዙ ቆየች። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ።

"ሁለቱም ቀይ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የኛ እኮ ብርቱካናማ ነበር መሆን ያለበት።"

አዴ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና መነጽሩን ተቀበሏት። "የቱ ነው የናንተ? የቱ ነው የኛ?"

"አይለይም አዴ።"

"እንግዲያው ሁሉም የኛ ናቸው!" ሳቁ። "ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ተምረው መጡ በያ!"

ልጅቷ አልሳቀችም። ወደኔ ዞረች።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማንጎው ጀምሮ" አልኳት፣ ያልገባት ስለመሰለኝ የብልቃጦቹን፣ የጥጡንና የማንጎዋን ነገር አስረዳኋት።

"ሦስት ወር እኮ ነው" አለች ሳበቃ። "ሦስት ወር ሙሉ እጄን ሳየው ነበር። ማታ ማታ ይንቀጠቀጥ ይሆን እያልኩ ዘርግቼ አየዋለሁ።"

"ይገባኛል።"

"አይገባሽም" አለችኝ። ልክ ናት።

አዴ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። "ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ ልጄ?"

"እርስዎ አይደሉም አዴ።"

"እኔ እኮ ማብላት ብቻ ነው..."

"አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።"

"ነገ ማለት እስከ ነገ እንዲህ ሆና ትደር ነው? ይቺን ልጅ አየሻት?" አሉኝ፣ ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው። "ባይሆን ማንጎ ትብላ።" አንድ ሙሉ ላጡላት። እያለቀሰች በላችው።

እዛው ለአማካሪዬ ደወልኩ፣ አያነሱም። እሑድ ነው። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ልጅቷ ቀድማኝ ቢሮው በር ላይ ደብተሯን ታቅፋ ቆማለች። ሰላም አለችኝ፣ ሰላምታዋ አጭር ነበር። አብረን ገባን።

"የኛ ምርጥ ተማሪ!" አሉ አማካሪዬ ከወንበራቸው ተነስተው። "ደግ አደረግሽ መጣሽ። እስቲ ለዚች ልጅ ያንን እጅሽን አውሻት። እኔ ምን እንደነካት አልገባኝም።"

ልጅቷ ወለሉን እያየች ነበር። እኔ ሳልቀመጥ ጀመርኩ፣ ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው ስለማውቅ።

"ጥናቴን ሳቀርብ ፈታኙ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ የጠየቀኝን ያስታውሱታል?"

"ብዙ ነገር ነው የጠየቀሽ። ሁሉንም መለስሽ።"

"ዝንቦቹ ሁለቱን ሳምንት የት ነበሩ ብሎኝ ነበር።"

"አዎ። እዚህ ነበሩ አልሽው።" ፈገግ እንዳሉ ነው። "እኔ ራሴ ሙቀት መጠበቂያውን እያየሁ ነበር እኮ፣ አንዴ ብቻ..." አሉና ቆም አሉ። ያን ጊዜ መጥተው እንደሆነ፣ ባዶ አግኝተውት እንደሆነ፣ መብራት ሄዶ ተመልሰው እንደሆነ አላውቅም። መነጽራቸውን ግን አወለቁ። "ታዲያ የት ነበሩ?"

"ሐረር ነበሩ" አልኩ። "ኤረር በር፣ የእናቴ ወዳጅ ቤት። እርስዎ አይወጣም ያሉትን እኔ ነኝ ይዤ የወጣሁት። ብልቃጦቹ በየቀኑ ተከፍተው የሰፈር ዝንብ ገብቶባቸዋል። ሁለቱን ሳምንት ማንጎ ሲበሉ ነው የከረሙት። ስመለስ ዓይናቸው ቀይ እንደሆነ አይቻለሁ፣ እያወቅኩ ነው አራት ብዬ የጻፍኩት። የሷ እጅ ምንም አልሆነም። ትክክለኛው መልስ የሷ ስድስት ነው።"